ከግጥሚያ በፊት ስለሚደረግ ምዘና

ሁለት ቡድኖች ለዋንጫ የሚጋጠሙበት ቀን በተቈረጠ ጊዜ፣ ዋናው ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ሌላ ጨዋታ ይጀመራል። ይኸውም በየቡና ቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየጋዜጣው ሰው ሁሉ ሚዛን አንሥቶ፣ የአንዱን ወገን ተጫዋቾች በአንደኛው ሳሕን፣ የሌላውን ወገን በሁለተኛው ሳሕን እያስቀመጠ፣ ይኸኛው ይከብዳል፣ ያኛው ይቀልላል እያለ የሚፈርድበት ጨዋታ ነው። ይህ ልማድ የሚነቀፍ አይደለም፤ ሰው የሚመጣውን ነገር አስቀድሞ ለማወቅ መመኘቱ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ጠባዩ ነውና። ነገር ግን ሚዛን የሚያነሣ ሰው ከሁሉ በፊት ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም፣ የምመዝነው ነገር ምንድን ነው? የሚለው ነው። እህል የሚመዝንና ወርቅ የሚመዝን ሰው አንድ ዓይነት ሚዛን አይዙም። እንደዚሁም የአንድ ሰው ችሎታ የሚመዘንበትና የአምስት ሰዎች ኅብረት የሚመዘንበት ሚዛን ልዩ ልዩ ነው።

ይህን ነገር በምሳሌ ለማስረዳት፣ በአሜሪካ አገር ከግንቦት 29 ቀን እስከ ሰኔ 8 ቀን 1996 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ሌከርስና በዲትሮይት ፒስተንስ መካከል የተደረገውን የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና መርጠናል። ነገሩ ከተፈጸመ ሃያ ዓመት ያለፈው ቢሆንም፣ የመረጥነው ስለ ሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ በዚያን ጊዜ የብዙ ሰው ሚዛን በአንድነት ስለ ተሳሳተ ነው። ሁለተኛው፣ ሚዛኑ የተሳሳተው በየትኛው ቦታ እንደ ሆነ ዛሬ በቍጥር ለይቶ ማሳየት ስለሚቻል ነው። የቀኑን መቍጠሪያ በተመለከተ፣ ከዚህ በታች የምንጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን፤ የተነሣው ሻምፒዮናም በዚሁ አቈጣጠር የ2004 ነው።

አስቀድሞ ስለ ጨዋታው ጥቂት እንበል። የቅርጫት ኳስ የተጀመረው በ1891 ነው። ጄምስ ኔይስሚዝ የተባሉ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር፣ በማሳቹሴትስ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ ሁለት የኮክ ፍሬ መያዣ ቅርጫቶች በአዳራሽ ውስጥ ከፍ አድርገው ሰቅለው ተማሪዎቻቸው ኳስ እየወረወሩ እንዲያገቡ ስላደረጉ፣ ጨዋታው ስሙን ከዚያ አገኘ። ዛሬ በቅርጫቱ ፈንታ ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የተሰቀለ የብረት ቀለበት አለ። ከየወገኑ አምስት አምስት ሰዎች ይሰለፋሉ። በአሜሪካ ብሔራዊ ማኅበር ዘንድ ጨዋታው 48 ደቂቃ ይፈጃል። ለዋንጫ የሚጋጠሙትም ሁለት ቡድኖች እስከ ሰባት ጊዜ ይገናኛሉ፤ አስቀድሞ አራት ጊዜ ያሸነፈው ዋንጫውን ይወስዳል።

ከዚህ ሥርዓት ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። በእግር ኳስ አንድ ሰው ከአሥራ አንድ አንድ እጅ ነው፤ በቅርጫት ኳስ ግን ከአምስት አንድ እጅ በመሆኑ፣ የአንድ ታላቅ ተጫዋች ክብደት እጅግ የበዛ ነው። ስለዚህ፣ ታላላቆቹ ያሉበት ወገን ያሸንፋል፣ የሚለው ፍርድ ከባዶ የመነጨ አይደለም። ሁለተኛም፣ አንድ ግጥሚያ በዕድል ሊያልፍ ይችላል፤ አራት ጊዜ ማሸነፍ ግን ለዕድል ብቻ የሚተው ነገር አይደለም። በተከታታይ ግጥሚያ የቡድን ጠባይ ሳይገለጥ አይቀርም።

አሁን ወደ ሁለቱ ቡድኖች እንመለስ።

የሎስ አንጀለሱ ቡድን መጀመሪያ የነበረው ብዙ ሐይቆች ባሉበት በሚኒሶታ ግዛት በሚኒያፖሊስ ከተማ ስለ ሆነ፣ ስሙ ከሐይቅ የተገኘ ነው፤ በ1960 ወደ ሎስ አንጀለስ ሲዛወር ስሙን ይዞ ሄደ። ይህ ቡድን በ2000፣ በ2001 እና በ2002 ዋንጫውን ሦስት ዓመት በተከታታይ ወስዷል። የዚያም ድል ዋና መሠረቶች ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ሻኪል ኦኒል ነው፤ ቁመቱ 2 ሜትር ከ16 ሳንቲ ሜትር፣ የሰውነቱም ክብደት ከዚያው ጋር የተመጣጠነ፣ በቀለበቱ ሥር ቆሞ ኳስ ከደረሰው አንድ ሰው ብቻውን ሊያግደው የማይችል ነበር። ሁለተኛው ኮቢ ብራያንት ነው፤ በፍጥነቱ፣ በውርወራውና ሽንፈትን በመጥላቱ ከዘመኑ ተጫዋቾች በግንባር ቀደምትነት የሚቈጠር ነበር።

በ2003 ቡድኑ በሳን አንቶኒዮ ቡድን ተሸንፎ ዋንጫው ካመለጠው በኋላ፣ ሁለት ታላላቅ ሰዎች ተጨመሩለት። ካርል ማሎን በ1997 እና በ1999 በማኅበሩ ውስጥ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተሸለመ፣ በዘመኑ ሁሉ ባስቈጠረው ነጥብ ከአንድ ሰው በቀር የሚቀድመው ያልነበረ ሰው ነው። ጋሪ ፔይተን በ1996 የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተብሎ የተሸለመ ነው። ሁለቱም በረጅሙ የጨዋታ ዘመናቸው ዋንጫ አላገኙም ነበር፤ ስለዚህ ማሎን በ1.5 ሚሊዮን ዶላር፣ ፔይተን በ4.9 ሚሊዮን ዶላር፣ ከቀድሞው ደመወዛቸው እጅግ አሳንሰው ገቡ። አሠልጣኙ ሚስተር ፊል ጃክሰን እስከዚያ ቀን ድረስ ዘጠኝ ዋንጫዎችን ያገኙ ሰው ነበሩ። የሚያስገርመውም ነገር፣ ፔይተንን በ1996፣ ማሎንን በ1997 እና በ1998 ዋንጫ ያስመለጣቸው ራሳቸው ሚስተር ጃክሰን ያሠለጥኑት የነበረው የቺካጎ ቡድን ነው። ያሸነፋቸውን ሰው ተከትለው ድል ሊፈልጉ መምጣታቸው ነበር።

የዲትሮይቱ ቡድን ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። መጀመሪያ በኢንዲያና ግዛት በፎርት ዌይን ከተማ ነበር፤ ባለቤቱ ፍሬድ ዞልነር የሞተር ፒስተን የሚሠራ ፋብሪካ ስለ ነበራቸው ቡድኑ በዚያ ተሰየመ። በ1957 የመኪና ሥራ ወደሚበዛበት ወደ ዲትሮይት ሲሄድ ስሙ ከከተማው ጋር የተስማማ ሆነ። በ1989 እና በ1990 ዋንጫ አግኝቶ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ከተጫዋቾቹ አንዱ የነበሩት ሚስተር ጆ ዱማርስ፣ ኋላ የቡድኑ ሥራ መሪ ሆነው አዲሱን ቡድን አንድ በአንድ ሰበሰቡት።

እንዴት እንደ ተሰበሰበም መናገር ያስፈልጋል፤ የነገሩ ቍልፍ በዚህ ውስጥ ነውና። ቤን ዋላስ በ1996 በአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ጊዜ ማንም ቡድን ሳይመርጠው የቀረ ሰው ነበር። ወደ ዲትሮይት የመጣውም በ2000 ነው፤ የቡድኑ ዝነኛ ተጫዋች ግራንት ሂል ወደ ኦርላንዶ ሲሄድ በልዋጭ የተሰጠ ነበር፤ በዚያን ቀን ዲትሮይት እንደ ተጎዳ ብዙ ሰው ተናግሮ ነበር። ቾንሲ ቢለፕስ በ1997 ሦስተኛ ሆኖ ቢመረጥም፣ የመረጠው ቡድን ዓመት ሳይሞላው ለሌላ አሳልፎ ስለ ሰጠው፣ በ2002 ዲትሮይት እስኪደርስ ድረስ ከከተማ ወደ ከተማ ሲንከራተት የኖረ ነው። ሪቻርድ ሃሚልተን በዚያው ዓመት ከዋሺንግተን ቡድን በልዋጭ መጣ። ቴይሾን ፕሪንስ በ2002 ምርጫ ሃያ ሁለት ሰዎች ከተመረጡ በኋላ የተገኘ ቀጭን ረጅም ወጣት ነበር። ራሺድ ዋላስ ከቤን ዋላስ ጋር ዝምድና የለውም፤ ችሎታው የተመሰከረለት፣ ነገር ግን ከዳኞች ጋር በመጣላት የታወቀ ሰው ነበር። በየካቲት ወር 2004 አትላንታ የተባለው ቡድን ተቀብሎት አንድ ቀን ብቻ ካጫወተው በኋላ ወደ ዲትሮይት አሳለፈው።

እንግዲህ አምስቱም፣ አንዱ ያልተመረጠ፣ ሦስቱ ከሌላ ቤት የተለወጡ ወይም የተሰናበቱ፣ አንዱ ዘግይቶ የተገኘ ነበሩ። አሠልጣኛቸው ሚስተር ላሪ ብራውን በ2003 የገቡ ሲሆን፣ ብዙ ቡድን ያሠለጠኑ፣ በማስተማር የተመሰገኑ፣ ግን የማኅበሩን ዋንጫ ከዚያ በፊት ያላገኙ ሽማግሌ ነበሩ።

አሁን በግጥሚያው ዋዜማ እንደ ነበርን አድርገን እንመዝን። ስምን በስም ብንመዝን ፍርዱ አያጠራጥርም። ፔይተን በቢለፕስ ፊት፣ ብራያንት በሃሚልተን ፊት፣ ማሎን በራሺድ ዋላስ ፊት፣ ኦኒል በቤን ዋላስ ፊት ሲቆሙ፣ የሎስ አንጀለስ ሳሕን ወደ ምድር ይወርዳል። በአሠልጣኝም ቢሆን ዘጠኝ ዋንጫ ከባዶ ጋር ነው። በዓመቱ ውስጥ ሎስ አንጀለስ ከ82 ግጥሚያ 56 ጊዜ፣ ዲትሮይት 54 ጊዜ ስላሸነፉ፣ የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ሁለት ሁለት ግጥሚያዎች በሎስ አንጀለስ አዳራሽ፣ የመካከሎቹ ሦስቱ በዲትሮይት እንዲሆኑ ተወሰነ። ደግሞም ከ1999 እስከ 2003 ዋንጫው ያለማቋረጥ የምዕራቡ ክፍል ቡድኖች ነበር። ሎስ አንጀለስም ወደ መጨረሻው የደረሰው ያለፈውን ዓመት ባለ ዋንጫ ሳን አንቶኒዮንና፣ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ኬቪን ጋርኔት ያለበትን የሚኒሶታ ቡድን ጥሎ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ተመልካች ሎስ አንጀለስ በቀላሉ ያሸንፋል ብሎ ቢፈርድ አይፈረድበትም።

በሌላው ሳሕን ውስጥ ግን ብዙ ሰው ያላየው ነገር ነበር። ዲትሮይት በዚያ ዓመት ተጋጣሚዎቹ በአንድ ግጥሚያ በአማካይ ከ84 ነጥብ ብዙም እንዳያልፉ አድርጎ ነበር፤ ከዚያም በላይ አምስት ተጋጣሚዎችን በተከታታይ ከ70 ነጥብ በታች አስቀርቶ በማኅበሩ ታሪክ አዲስ ነገር አሳየ። በምሥራቁ ክፍል ፍጻሜ ያገኘው የኢንዲያና ቡድን በዓመቱ 61 ጊዜ ያሸነፈ፣ ከሁሉ የበለጠ ነበር። ከዚያ ቡድን ጋር በተደረገው በሁለተኛው ግጥሚያ፣ ሬጂ ሚለር ሰው በሌለበት ሮጦ እኩል የሚያደርገውን ኳስ ሊያገባ ሲል፣ ቴይሾን ፕሪንስ ከኋላው ሜዳውን አቋርጦ ደርሶ ኳሱን ከአየር ላይ መታበት። ይህን ያየ ሰው ስለ ዲትሮይት አንድ ነገር ሊማር ይችል ነበር፤ ይኸውም በዚያ ቡድን ውስጥ፣ አለቀ፣ ደቀቀ የተባለ ኳስ ገና ያላለቀ መሆኑን ነው። ነገር ግን ነጥብ የሚያስቈጥር ሰው ስሙ በጋዜጣ ይወጣል፤ ነጥብ የሚያስቀር ሰው ስሙ እምብዛም አይነሣም። ሚዛኑ መጀመሪያ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የሆነው ነገር እነሆ። ግንቦት 29 ቀን በሎስ አንጀለስ በተደረገው የመጀመሪያው ግጥሚያ ዲትሮይት 87 ለ75 አሸነፈ። በዚያን ቀን ኦኒል 34፣ ብራያንት 25 ነጥብ ሲያስቈጥሩ፣ የቀሩት የሎስ አንጀለስ ሰዎች ሁሉ ተደምረው ያስቈጠሩት 16 ብቻ ነበር። የሚስተር ብራውን አሳብ የታወቀው በዚህ ነው። ሌሎች ቡድኖች ኦኒልን ለማገድ ሁለትና ሦስት ሰው ይልኩበት ነበርና የቀሩት ጓደኞቹ ነፃ ሆነው ያስቈጥሩ ነበር፤ ዲትሮይት ግን ቤን ዋላስንና ተለዋጮቹን አንድ በአንድ እያቆመበት፣ እርሱ ያስቈጥር፣ ሌሎቹ ግን እንዳያስቈጥሩ አደረገ። በብራያንትም ፊት ረጅም እጅ ያለውን ፕሪንስን አቆመ።

ሰኔ 1 ቀን በሁለተኛው ግጥሚያ ሎስ አንጀለስ ሊሸነፍ ጥቂት ሴኮንዶች ሲቀሩት፣ ብራያንት ከሩቅ የወረወረው ባለ ሦስት ነጥብ ኳስ ገብቶ ጨዋታው 89 ለ89 ሆነ፤ በተጨማሪው ሰዓትም ሎስ አንጀለስ 99 ለ91 አሸነፈ። የአንድ ታላቅ ተጫዋች ክብደት ምን ያህል እንደ ሆነ በዚያች ቅጽበት ታይቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ያም ሆኖ ያ ድል የሎስ አንጀለስ የመጨረሻ ድል ሆነ። በዲትሮይት በተደረጉት ሦስት ግጥሚያዎች ዲትሮይት 88 ለ68፣ 88 ለ80 እና 100 ለ87 አሸንፎ፣ ሰኔ 8 ቀን ዋንጫውን አነሣ። የመካከሎቹን ሦስት ግጥሚያዎች በአገሩ በሙሉ ያሸነፈ ቡድን፣ ይህ የግጥሚያ አደራደር ከተጀመረበት ከ1985 ወዲህ የመጀመሪያው እርሱ ነው። የሻምፒዮናው ምርጥ ተጫዋች የተባለውም ያ ከከተማ ወደ ከተማ ሲንከራተት የኖረው ቾንሲ ቢለፕስ ነበር።

በዓመቱ ውስጥ በየግጥሚያው በአማካይ 98 ነጥብ ያስቈጥር የነበረው ሎስ አንጀለስ፣ በእነዚህ አምስት ግጥሚያዎች ያስቈጠረው በአማካይ 82 እንኳ አልሞላም። ከዚህ ሁሉ ቍጥር ውስጥ ግን ከሁሉ የሚያስተምረው የሚከተለው ነው። ኦኒል በአምስቱ ግጥሚያ 84 ጊዜ ወርውሮ 53ቱን አገባ። ብራያንት 113 ጊዜ ወርውሮ ያገባው 43 ነው። ከአምስት ሦስቱን የሚያገባው ሰው ጥቂት ወረወረ፤ ከአምስት ሁለቱን እንኳ በሙሉ የማያገባው ሰው ብዙ ወረወረ። ይህ የአንዱ ሰው ጥፋት ብቻ ነው ልንል አንችልም፤ ተከላካዮቹ ኳስ ወደ ኦኒል እንዳይደርስ መንገዱን ሁሉ ሲዘጉ ነበርና፣ ኦኒልም ቢሆን እየደከመው ይሄድ ነበር። ቢሆንም ኳሱ የሚገባው ሰው ዘንድ አለመድረሱ የአንድ ቡድን ሳይሆን ጎን ለጎን የቆሙ የሁለት ታላላቅ ሰዎች ምልክት ነው። የሁለቱ አለመስማማት አስቀድሞ በአደባባይ የታወቀ ነበር።

እንግዲህ ሚዛኑ የተሳሳተባቸውን ቦታዎች ለይተን እንናገር።

አንደኛ፣ ስም የሚናገረው ያለፈውን ነው። በዋዜማው የተመዘነው ማሎን የ1997ቱ ማሎን ነበር፤ ወደ ሜዳ የገባው ግን የ40 ዓመት ሰው ነው። በዚያ ዓመት ጉልበቱ ተጎድቶ ከ82 ግጥሚያ የተጫወተው 42ቱን ብቻ ነበር፤ በሻምፒዮናውም በሁለተኛው ግጥሚያ እንደ ገና ስለ ተጎዳ በመጨረሻው ቀን አልተሰለፈም፤ በተሰለፈባቸውም በአማካይ ያስቈጠረው 5 ነጥብ ነው። ፔይተንም የ35 ዓመት ሰው ሆኖ በአማካይ ከ4 ነጥብ ብዙም አላለፈም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለው ተረት እውነት ነው፤ ነገር ግን ከመቃብር በላይ የሚውል ስም ኳስ ለማስገባት አይረዳም።

ሁለተኛ፣ ሜዳ ላይ ያለችው ኳስ አንዲት ናት። አራቱም የሎስ አንጀለስ ታላላቅ ሰዎች በየቀድሞ ቤታቸው ወይም በየፊናቸው ኳሷ በእጃቸው ውላ የምታድር ነበሩ። ፔይተን በዘመኑ ሁሉ ኳሱን ይዞ ቡድኑን የሚመራ ሰው ስለ ነበር፣ ሚስተር ጃክሰን ያስተምሩት የነበረው፣ ተጫዋቾች በሦስት ማዕዘን ቆመው ኳስ የሚቀባበሉበት ሥርዓት አልተስማማውም። አራት ጌቶችን በአንድ አዳራሽ ማስቀመጥ አራት እጥፍ ጌትነት አይሆንም፤ አንዱ ሲሠራ ሦስቱ ሥራ ፈት ይሆናሉ እንጂ። በዲትሮይት በኩል ግን ሃሚልተን ኳስ ሳይዝ ተከላካዩን እስኪያደክም ድረስ በሜዳው ዙሪያ ይሮጣል፤ ቤን ዋላስ ከቀለበቱ የተመለሰውን ኳስ ይለቅማል፤ ቢለፕስ ለማን መቼ እንደሚሰጥ ያውቃል። የአንዱ ሥራ የሌላውን ሥራ ያበዛዋል እንጂ አይቀንሰውም።

ሦስተኛ፣ መከላከል የጋራ ሥራ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ነጥብ ሊያስቈጥር ይችላል፤ ብቻውን ግን ሊከላከል አይችልም። አንዱ ሲታለፍ ሌላው ቦታውን ይሸፍናል፤ የእርሱንም ቦታ ሦስተኛው ይሸፍናል። ይህ ሥራ በቍጥር ስለማይጻፍ በዋዜማው ሚዛን ላይ አልወጣም ነበር።

ነገር ግን ከዚህ ታሪክ የማይገባ ትምህርት እንዳንወስድ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ይህን ሻምፒዮና ሲያነሣ፣ ስም የሌላቸው ሰዎች ባለ ስሞችን አሸነፉ፣ ብሎ ይናገራል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ቤን ዋላስ በ2002 እና በ2003 የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተብሎ የተሸለመ ነበር። ኋላም በስፕሪንግፊልድ ባለው የቅርጫት ኳስ የክብር ቤት ስሙ በ2021፣ የቢለፕስም በ2024 ተጽፏል። ስለዚህ ችሎታ ጎድሎአቸው በኅብረት ብቻ ያሸነፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ችሎታቸው ያልተመዘነ ሰዎች ነበሩ። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሰነፎችን ሰብስቦ፣ በኅብረት ያሸንፋሉ፣ ማለት ከሎስ አንጀለስ ስሕተት የባሰ ስሕተት ነው።

ደግሞም ኦኒልና ብራያንት ባልተስማሙባቸው በእነዚያው ዓመታት ሦስት ዋንጫ መውሰዳቸውን አንርሳ። አለመስማማት ብቻውን ቡድንን ቢጥል ኖሮ አስቀድሞ በጣለው ነበር። የወደቁት አለመስማማቱ ከእርጅና፣ ከጉዳትና ከጠንካራ ተጋጣሚ ጋር በአንድ ቀን ሲገናኝ ነው። የቤት ምሰሶ ስንጥቅ ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ የሚታወቀው ከባድ ዝናብ በመጣ ቀን ነው።

ኋላ የሆነውም ይህንኑ ያስረዳል። ከሽንፈቱ በኋላ ሚስተር ጃክሰን ቡድኑን ለቀቁ፤ ኦኒል በዚያው ክረምት ወደ ማያሚ፣ ፔይተን ወደ ቦስተን ሄዱ፤ ማሎን ዋንጫ ሳያገኝ ጨዋታ አቆመ። ፔይተን በ2006 ከኦኒል ጋር በማያሚ ዋንጫ አገኘ፤ በዚያን ጊዜ ግን ቡድኑን ለመምራት ሳይሆን ለመርዳት ነበር። ብራያንትም ሚስተር ጃክሰን ተመልሰው ከመጡ በኋላ በ2009 እና በ2010 ዋንጫ ወሰደ። ዲትሮይት በበኩሉ በ2005 እንደ ገና ለዋንጫ ቀርቦ በሳን አንቶኒዮ በሰባተኛው ግጥሚያ ተሸነፈ። በ2006 ቤን ዋላስ ወደ ቺካጎ ሄደ፤ በ2008 ቢለፕስ፣ ከእርሱ ይበልጥ ዝነኛ በሆነው በአለን አይቨርሰን ተለወጠ፤ ከዚያ በኋላ ቡድኑ ለብዙ ዓመታት ወደ ቀድሞው ከፍታ አልተመለሰም። ስምን በኅብረት ያሸነፈው ቤት ራሱ ኅብረቱን በስም ለወጠ። ዋንጫው የተነሣበት አዳራሽም በ2020 ፈርሷል።

ስለዚህ ወደ ፊት ሁለት ቡድኖች ለዋንጫ በቀረቡ ጊዜ፣ ሚዛናችንን ከማንሣታችን በፊት አራት ጥያቄዎችን ብንጠይቅ መልካም ነው። ይህ ሰው ስሙን ያገኘው መቼ ነው? ዛሬስ ምን ይሠራል? ኳሱ በአንዱ እጅ ሳለ የቀሩት አራቱ ምን ያደርጋሉ? ኳሱ በተጋጣሚው እጅ ሳለ አምስቱ እንዴት ይቆማሉ? እነዚህን ጠይቆ የመዘነ ሰው ሁልጊዜ ልክ ይሆናል አንልም፤ እንዲያ ቢሆንማ ጨዋታ ባላስፈለገ ነበር። ነገር ግን ሲሳሳት እንኳ ስለምን እንደ ተሳሳተ ያውቃል።

ነገሩም በሜዳ ብቻ የሚቀር አይደለም። ለጋራ ሥራ ሰዎች በሚመረጡበት ስፍራ ሁሉ፣ ዝነኞቹን ቈጥሮ ማኅበር ሠራሁ የሚል ሰው አይጠፋም። አባቶቻችን፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፣ ብለዋል። ይህን ተረት ሁላችን እንደጋግመዋለን፤ ነገር ግን ድሩ የሚያብረው በመከማቸቱ ብቻ እንዳልሆነ አናስተውልም። የተከማቸ ድር ውስብስብ ነው፤ አንበሳ የሚያስረው የተገመደው ነው። በመገመድም ጊዜ እያንዳንዱ ክር ከርዝመቱ ጥቂት ያጣል። ሚዛን የሚያነሣ ሰው፣ የክሮቹን ርዝመት ከመለካቱ በፊት፣ ከርዝመታቸው ጥቂት ለመተው የወደዱት የትኞቹ እንደ ሆኑ ይመልከት።